የአባቶች የገና ዱላ በልክ ይሁን



የገና በዓል እየተቃረበ ነው። ልጆቹም ከወዲሁ ዱላ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀምረዋል። እኛም ይህን አስተያየት በሰሌዳው ላይ የለጠፍነው በዓሉ ሳይደርስ አንድ ጉዳይ እንድንነጋገርበት ብለን ነው። ጉዳዩ ለአንዳንዱ ቀላል ይመስለው ይሆናል። «ስለ ዱላ ደግሞ ምን ይጻፋል?» የሚልም አይጠፋም። ይሁን እንጂ ባለፈው ገና የደረሰውን ያየ ሰው እንዲህ ይላል ብለን አናስብም።

እንደምታስታውሱት፣ ባለፈው ዓመት በበዓሉ ዕለት ከምሳ በኋላ፣ ከጉለሌ የእጽዋት ማዕከል በታች ባለችው ሜዳ ወጣቶቹ ተጫውተው ሲያበቁ «እስቲ አባቶችም ይሞክሩ» ተባለና ሁለት ቡድን ተሰለፈ። ጨዋታው ሞቅ ያለ ነበር፤ ሳቁም ብዙ ነበር። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንድ አባታችን ከወጣቶቹ እጅ የተቀበሉትን ወፍራም የወይራ ዱላ ይዘው ሦስተኛውን ምት ሲሰነዝሩ፣ የዱላው ጫፍ ጥንጓን ስቶ መሬት መታ። ድንጋጤው በክንዳቸው ወጥቶ ትከሻቸው ላይ አረፈ። ጥምቀትን ክንዳቸው በአንገታቸው ታስሮ አሳለፉ። ዐቢይ ጾም ሲገባም ገና ካፖርታቸውን ያለ ሰው እርዳታ መልበስ አልቻሉም ነበር።

በማግሥቱ በየቡናው ላይ የተወራው አንድ ነገር ነበር፦ «በስተርጅና ምን ገና አስጫወታቸው!» ተባለ። ከዚያም አልፎ ዘንድሮ አባቶች ወደ ሜዳ እንዳይገቡ ይከልከል የሚል ሐሳብ በስብሰባ ላይ ተነሥቷል።

እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ጥፋቱ የዕድሜያቸው አልነበረም፤ የዱላው ነበር። ያን ዱላ ደግሞ መርጦ ያቀበላቸው ሌላ ማንም ሳይሆን እኛው የበዓሉ አስተናባሪዎች ነን። ለሃያ ዓመት ጎረምሳ ተቆርጦ የተዘጋጀውን ዱላ ለሰባ ዓመት ሰው ሰጥተን፣ ሲጎዱ ጊዜ ዕድሜያቸውን መውቀስ ከእውነት የራቀ ነው። ስለዚህ በቅድሚያ ይቅርታ እንጠይቃለን። ቀጥሎም ዘንድሮ ስሕተቱ እንዳይደገም የሚመስለንን እናቀርባለን።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ አባቶች ለምን ይጫወታሉ ለሚለው መልስ መስጠት ይገባል። ገና ስሙ እንደሚነግረን የልደት በዓል ጨዋታ ነው። እረኞች የልደቱን ዜና በሰሙ ጊዜ በዱላቸው እየተጫወቱ ደስታቸውን ገለጹ የሚለውን ትውፊት ሁላችንም ከወላጆቻችን ሰምተነዋል። በገና ሜዳ ጌታ አይቆጣም የሚባለውም ጌታና ሎሌ፣ ትልቅና ትንሽ በአንድ ሜዳ ላይ እኩል የሚጋፉበት ቀን ስለሆነ ነው። ዛሬ ጨዋታው በባህል ስፖርት ውድድሮች ውስጥ ገብቶ ሕግ ወጥቶለታል፤ ይህም ደስ የሚያሰኝ ነው። ሆኖም የሰፈር ገና ከውድድር የተለየ ነው። ሜዳው ለአሸናፊ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ነው። «ትልቅና ትንሽ እኩል» ካልን በኋላ ትልቁን ከሜዳ አውጥተን ወንበር ላይ ብናስቀምጠው የጨዋታውን ቁም ነገር አፈረስነው ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። በዕድራችን ብዙ ዓመት ያገለገለ ሰው ይህን ያውቃል፦ አንድ አዛውንት መጀመሪያ ከጨዋታ ይቀራሉ፣ ቀጥሎ ከማኅበር ይቀራሉ፣ ከዚያ ደጃፋቸው ላይ ብቻ ይታያሉ፣ በመጨረሻም ደጃፉም ይዘጋል። ከቤት የመቅረት ነገር የሚጀምረው በትንሽ ነገር ነው። እኛ ደግሞ ያ ትንሽ ነገር የማይመች ዱላ እንዲሆን አንፈቅድም።

አሁን ወደ ዱላው እንምጣ። እስከ ዛሬ የምንሠራው እንዴት ነው? ወጣቶቹ ይሄዳሉ፣ አንድ እቅፍ ዱላ ይዘው ይመጣሉ፣ ሁሉም በአንድ ልክ ናቸው። ሲታደል ቀድሞ የደረሰ ያማረውን ያነሣል። አባቶች ተራቸው ሲደርስ የቀረው ወይ የተጣመመ ወይ እንደ ምሰሶ የወፈረ ነው። በዚያ ላይ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አባቶችም ቢሆኑ ቀላሉን ዱላ ሲሰጧቸው «እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?» ብለው ከባዱን የሚመርጡ አሉ። በወጣትነታቸው ያነሡት የነበረውን ያስታውሳሉ እንጂ ክንዳቸው ዛሬ የሚለውን አይሰሙም።

ከጎረቤቶቻችን አንዱ በወጣትነታቸው በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ የጎልፍ ሜዳ የተጫዋቾች ዱላ ተሸካሚ ሆነው ሠርተዋል። ይህን ጉዳይ ስናነሣባቸው ሳቁና «ፈረንጆቹ እኮ ይህን ነገር ከጨረሱት ቆዩ» አሉን። ጎልፍ እንደኛው ገና በዱላ ኳስ መምታት ነው፤ ልዩነቱ ግፊያ የለበትም፣ ኳሷም ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች። የጎልፍ ዱላ ዘንጉ ለረጅም ዘመን እንጨት ነበር። የጨዋታው የበላይ አካላት የብረት ዘንግ የፈቀዱት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1924፣ በብሪታንያ ደግሞ በ1929 ነው። ከዚያም በ1970ዎቹ ግራፋይት የሚባለው የካርቦን ዘንግ መጣ። የብረቱ ዘንግ ብዙውን ጊዜ ከ100 ግራም በላይ ሲመዝን ለአረጋውያን የሚመረጠው የካርቦን ዘንግ ከ50 እስከ 70 ግራም ቢሆን ነው። ኳስ በሩቁ የሚመቱበት ትልቁ የጎልፍ ዱላ ራሱ ሁለንተናው 300 ግራም ገደማ ነው።

በዚያ አገር ተጫዋቹ ሲያረጅ «አቁም» አይባልም። ዱላው ይቀየርለታል። ዘንጉ ይቀላል፣ ትንሽም የሚተጣጠፍ ይሆናል። እጀታው ይወፍራል። የዱላው ፊት ጋደል እንዲል ይደረጋል፣ ኳሷ ያለ ብዙ ጉልበት እንድትነሣ። ለመምታት የሚያስቸግሩት ረጃጅም የብረት ዱላዎች ተትተው በምትካቸው ሰፋ ያለ ጭንቅላት ያላቸው፣ ምቱ ትንሽ ቢስትም የማይከዱ ዱላዎች ይያዛሉ። ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሰዎች በዚህ መንገድ ሲጫወቱ ይታያሉ።

እኛ ማንም ሰው የጎልፍ ዱላ ይግዛ አላልንም። ዋጋውም አቅማችንም ይታወቃል። ትምህርቱን እንውሰድ ነው የምንለው። የገና ዱላ እንጨት ነው፣ እንጨት ደግሞ በቢላዋና በመጥረቢያ ልክ ይወጣለታል። እንግዲህ ከአናጢዎቻችንና ከራሳቸው ከአባቶች ጋር ተመካክረን የደረስንበት ይኸውላችሁ።

አንደኛ፣ ክብደት። «ከባድ ዱላ አርቆ ይመታል» የሚለው አባባል በግማሽ ብቻ እውነት ነው። ጥንጓን የሚያርቃት የዱላው ፍጥነት ነው። ክንድ ከባዱን ዱላ በፍጥነት ማወናጨፍ ካልቻለ ክብደቱ ጥቅም የለውም፤ ትርፉ ትከሻ ላይ ነው። አንድ ሜትር ርዝመትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው የደረቀ ወይራ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ይኸው ዱላ በውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢቀጥን ክብደቱ ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። እንግዲህ መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ መላግ ነው። መሞከሪያውም ቀላል ነው፦ ዱላውን በአንድ እጅ መጨረሻው ላይ ይዘው ክንድዎን ወደ ፊት ዘርግተው እስከ ሃያ ይቁጠሩ። ሳይደርሱ ክንድዎ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዱላው ለእርስዎ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ርዝመት። ይህ በቁመት ብቻ አይለካም። ሁለት ሰዎች ቁመታቸው እኩል ሆኖ የአንዱ ክንድ ረጅም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰውየው የሚጫወቱበትን ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ክንዳቸውን ዘና አድርገው ወደ ታች ይልቀቁ፣ ከእጅ አንጓቸው እስከ መሬት ያለው ይለካ። መነሻው ይህ ነው። ዱላው ካጠረ ወገብ ይጎብጣል፤ ከረዘመ ደግሞ ባለፈው ዓመት እንዳየነው ጫፉ መሬት እየመታ ክንድን ያስደነግጣል። ወገባቸውን የሚያማቸው ሰዎች ሁለት ሦስት ጣት ቢጨመርላቸው ይሻላል፤ ታዲያ ቀለል ያለ ዱላ መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ እጀታ። በዕድሜ የእጅ ጭብጥ ይደክማል። ቁርጥማት ያለባቸው አባቶች ደግሞ ጣታቸውን አጥብቀው መግጠም ያማቸዋል። ቀጭን እጀታ አጥብቆ መያዝን ይጠይቃል፤ ወፈር ያለው ግን ላላ ተደርጎ ቢያዝም አያመልጥም። ስለዚህ ዱላው ራሱ ይቅጠን፣ መያዣው ላይ ብቻ ጨርቅ ወይም የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ ይጠምጠምበት። ላስቲኩ ላብ አያንሸራትተውም፣ ንዝረቱንም ይውጣል። ወጪው ከምንም አይቆጠርም።

አራተኛ፣ ቆልማማው። ለጎረምሳ ጠበቅ ያለ ቆልማማ ጥሩ ነው፤ እየሮጠ ጥንጓን ይዞ ለመሄድ ያመቸዋል። ለአባቶች ግን ሰፋና ዘርጋ ያለው ይሻላል፤ ጥንጓ የምትመታበት ፊት ስለሚሰፋ ምቱ ትንሽ ቢስትም ይይዛታል። ጫፉ ላይ የተከማቸው እንጨት በደንብ ይጠረብ። ዱላ የሚከብደው በጠቅላላው ብቻ አይደለም፤ ክብደቱ ወደ ጫፉ ሲያደላ ሁለት እጥፍ የከበደ ያህል ይሰማል።

አምስተኛ፣ ጥንጓ። የአባቶች ጨዋታ በእንጨት ጥንግ መሆኑ ይቅር። ከጠፍር ወይም ከጨርቅ ተጠቅልላ የተሰፋች ትሁን። ቅልጥም ላይ ብታርፍም አትሰብርም፣ ለክንድም ትቀላለች።

በዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ከዘራና የገና ዱላ አይደባለቁ። በከዘራ ጥንግ የሚመታ ሰው ከዘራው ሳይታወቀው ይሰነጠቃል፣ ነገ ተደግፎት ሲሄድ ይከዳዋል። በገና ዱላ ተደግፎ መሄድም አደገኛ ነው፤ ጫፉ ክብ ስለሆነ ይንሸራተታል። ከዘራ የሚይዙ አባቶች ከዘራቸውን ለሚጠብቅላቸው ልጅ ሰጥተው ይግቡ፣ ሲወጡም ይቀበሉ።

አሁን ደግሞ ወደ ዋናው ጥያቄ እንመጣለን፤ እንጨቱ ከየት ይመጣል? ይህን በግልጽ መናገር አለብን። ካለፉት ዓመታት ዱላዎች አንዳንዶቹ ከየት እንደተቆረጡ የሚያውቅ ያውቃል። የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ጎረቤታችን ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር የጋራ ሥራ የተቋቋመ ሆኖ 705 ሔክታር ያህል ይሸፍናል። ዓላማውም በባሕር ዛፍ በተዋጠው ኮረብታ ላይ አገር በቀሉን ዛፍ፣ ጥዱን፣ ወይራውን፣ ኮሶውን፣ ጥቁር እንጨቱን ጠብቆ ማቆየትና ማጥናት ነው። ወይራ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ለአንድ ቀን ጨዋታ የሚቆረጠው ቀንበጥ ያን ያህል ለመድረስ ብዙ ክረምት ይፈጅበታል። ለአባቶች ክብር የምናዘጋጀው ዱላ የልጅ ልጆቻቸው ጥላ ከሚሆነው ዛፍ ላይ መቆረጥ የለበትም። በማዕከሉ ግቢ ውስጥ አንዲት ቅርንጫፍ አትነካም።

ታዲያ ከየት? መልሱ ዓይናችን ሥር ነው፤ ባሕር ዛፍ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ሲቆረጥ መልሶ ማቆጥቆጥ ልማዱ ነው። ከጉቶው የሚወጣው ቀንበጥ ሥሩ አካባቢ በተፈጥሮው ቆልመም ይላል፤ ለገና ዱላ የተሠራ ይመስላል። ከበሰለ ወይራም ይቀላል። ባለ ይዞታዎቹን ጠይቀን በትንሽ ዋጋ እንገዛለን። ጉድለቱ ሲደርቅ መሰንጠቁ ነው፤ ስለዚህ በፀሐይ ላይ አይሰጣ። ልጡ ተልጦ በጥላ ሥር ቀስ እያለ ይድረቅ፤ ለዚህም ጊዜ ያስፈልገዋልና ከአሁኑ ይቆረጥ። ቆልማማው የሚጎድለውን እርጥቡን በእሳት እያሞቁ ማጉበጥ ይቻላል፤ ይህን ሙያ ደግሞ ከወጣቶቹ ይልቅ አባቶች ያውቁታል።

ከሚነሡት ተቃውሞዎች ሁለቱን ሳንመልስ አናልፍም።

አንዳንዶች «ለሽማግሌ ከዘራ ይበቃዋል» ይላሉ። እንዲህ የሚሉት ክፋት ኖሮባቸው ሳይሆን ፈርተው መሆኑ ይገባናል። ሰፈራችን ደጋ ነው፤ ማዕከሉ ያለበት ኮረብታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር ያልፋል። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ትንፋሽ ያጥራል። ስለዚህ ጥንቃቄው ትክክል ነው። የደም ግፊት ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ሁሉ አስቀድመው ጤና ጣቢያ ሄደው ይጠይቁ። ጨዋታው አጭር ይሁን፣ በየመሐሉ ይረፍ፤ ዱላ ከትከሻ በላይ አይነሣ፤ ግፊያ ይከልከል። ጥንቃቄ ማለት ግን መከልከል ማለት አይደለም።

ሌሎች ደግሞ፣ ከእነዚህም ውስጥ አባቶች ራሳቸው አሉበት፣ «ለብቻ የተሠራ ዱላ መያዝ ውርደት ነው» ይላሉ። እስቲ እንጠይቃችሁ፤ መነጽር አድርጎ ዳዊት የሚደግም አባት አፍሮ ያውቃል? ዓይኑ የደከመ በመነጽር ያነባል፤ ያነበበው ግን ያው ዳዊት ነው። ክንዱ የደከመም በቀላል ዱላ ይመታል፤ የተጫወተው ያው ገና ነው። ይልቅስ ውርደት የሚሆነው ከአቅም በላይ የሆነ ዱላ ሰጥቶ ሲወድቁ መሳቅ ነው።

እዚህ ላይ የአንዲት እናታችንን ነገር ሳንጠቅስ ብናልፍ ይቆጡናል። ይህን ስንመካከር ቡና እያፈሉ ያዳምጡን ኖሮ «ለእናቶችስ ዱላ አይለካም?» ብለው ጠየቁን። መጀመሪያ ሳቅን። ሳቃችንን ስንጨርስ ግን የምንመልሰው አጣን። ገና የወንድ ጨዋታ ሆኖ መኖሩ የታወቀ ነው። ቢሆንም በልክ የተሠራ ዱላና የጨርቅ ጥንግ ካለ፣ ለመሞከር የሚፈልጉ እናቶችን ለምን እንከለክላለን? እኛ በበኩላችን የሚከለክል ምክንያት አላገኘንም።

በመሆኑም ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። የአባቶች ጨዋታ ዘንድሮም ይቀጥል። ዱላው በጅምላ ሳይሆን በየሰዉ ልክ ይሠራ፣ የባለቤቱም ምልክት ይደረግበት። ከበዓሉ በኋላ ተሰብስቦ በዕድሩ ዕቃ ቤት ይቀመጥ፣ በየዓመቱም እየታየ የተሰነጠቀው ይለወጥ። እንጨት ማምጣቱንና መላጉን ወጣቶች ይሥሩ፤ መምረጡንና ማጉበጡን አባቶች ያሳዩ። ልጁ የአያቱን ዱላ በገዛ እጁ ሲልግ፣ የክንዳቸውን ልክ አብሮ ያውቃል።

ባለፈው ዓመት የተጎዱትን አባታችንን ይህን ጽሑፍ ከመለጠፋችን በፊት ሄደን አነጋግረናቸው ነበር። ይቅርታችንን ከተቀበሉን በኋላ፣ «እኔ የምፈራው ትከሻዬን አይደለም» አሉን። «ዘንድሮ ሳትጠሩኝ እንዳትቀሩ ብዬ ነው የምፈራው።» ከዚያም ተነሥተው ቆሙና ክንዳቸውን ወደ ታች ለቀቁት። ልኬቱን ወስደን መጣን። የመጀመሪያው ዱላ የእርሳቸው ነው።

የቀራችሁ አባቶችና እናቶች በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ የሚጫወቱበትን ጫማ አድርጋችሁ ወደ ዕድሩ ቤት ብቅ በሉ። ሜትሩን ይዘን እንጠብቃለን።

መልካም በዓል ይሁንልን።